አያ ሳይጫኑ ማንም እንዳይጫን

እኔ የግብረ ገብ አስተማሪ ነኝ። ይህን ከወዲሁ የምናገረው ለመኩራራት አይደለም። ከዚህ በታች የማወራውን ሞኝነት ሁሉ የሠራው ሰው፣ ለሌላው መልካም ምግባር በማስተማር ደመወዝ የሚበላ መሆኑ እንዲታወቅ ብዬ ነው። ባለቤቴ ስትናደድብኝ «አንተን ደግሞ ማን ያስተምርልን?» ትለኛለች። እስካሁን ፈቃደኛ አልተገኘም።

የቤተሰባችን ግሩፕ ስልክ ላይ ሲከፈት አድሚን ልሁን ብዬ አልለመንኩም። አንድ የእህቴ ልጅ ከፈተውና ዘመድ አዝማዱን ሁሉ ሰብስቦ ካስገባ በኋላ፣ የአክስቶቹን የጠዋት ሰላምታ መቋቋም ሲያቅተው «ጋሼ፣ አንተ ያዘው» ብሎ ጥሎልኝ ሄደ። እኔም በደስታ ተቀበልኩ። ክፍል ውስጥ የሚሰማኝ ስለሌለ የሚሰማኝ ሕዝብ በማግኘቴ ልቤ ሞላ። ቤተሰባችን ከድብ ባሕር የተነሳ ነው። ግማሹ ዛሬም እዚያው ገብስና ስንዴ ያርሳል፤ ግማሹ ጎንደር ገብቶ አራዳ ገበያ ይነግዳል ወይም እንደ እኔ ከከተማው ዳር ፀዳ ላይ ቤት ሠርቶ በታክሲ ይመላለሳል። ሁሉም ሰው በአንድ ቦታ የሚገናኘው ለቅሶና ሠርግ ላይ ብቻ ነበር። አሁን በየቀኑ መገናኘት ጀመርን፤ ጣጣውም በየቀኑ ሆነ።

ችግሩ ጽሑፉ አልነበረም። ችግሩ ከጽሑፉ ሥር የሚነኩት ትንንሽ ምልክቶች ነበሩ፤ አውራ ጣቱ፣ ልቡ፣ ፊቶቹ። የአጎታችን ባለቤት ማረፋቸው ሲነገር አንዲት አክስቴ ያንን ከሳቁ ብዛት እንባ የሚያወርደውን ፊት ተጫነች። እሷ ያየችው እንባውን ነው። የሟች ልጆች ግን ጥርሱን አዩ። ለማስታረቅ ሽማግሌ ተላከ፤ አክስቴም መነጽር ተገዛላት። ብዙም ሳይቆይ ደግሞ አንድ የአጎቴ ልጅ አዲስ ያሠራውን ቤት ፎቶ ሲለጥፍ፣ ከተማ ያደገ አንድ ጎረምሳችን እሳት ለቀቀበት። ለነሱ እሳት ማለት እጅግ አማረ ማለት ነው አሉ። የቤቱ ባለቤት ግን በማግስቱ ቄስ ጠርቶ አዲሱን ቤት ከወለል እስከ ጣሪያ ጠበል አስረጨ፤ ልጁንም እስከ ዛሬ በሩን አላስረገጠውም።

እንግዲህ ደንብ ያስፈልግ ነበር። ደንብ ሲያስፈልግ ደግሞ እኔን ማን ይቀድመኛል? አንድ ሙሉ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተቀምጬ ጻፍኩት። ለለቅሶ የተጣበቁት መዳፎች፣ ለወሊድ ልብ፣ ለሹመትና ለምረቃ ጭብጨባ፤ እሳት ለማንም አይሆንም። የደንቡ አናት ግን ሌላ ነበር። ገበታ ላይ ታላቅ ሳይቆርስ ታናሽ እጁን አይሰድም፤ ጉባኤ ላይ ታላቅ ሳይናገር ታናሽ አፉን አይከፍትም፤ ስለዚህ በዚህም ግሩፕ አያ ሳይጫኑ ማንም አይጫን፣ አልኩ። ከዚያም ሁሉም ሲገባ እንዲያየው ከላይ ሰቀልኩት።

አያ የምንላቸው ታላቅ ወንድሜን ነው። በእሳቸውና በእኔ መሃል ብዙ እህትና ወንድም ስላለ ከወንድምነታቸው አባትነታቸው ይቀርበኛል፤ አባታችን ካረፉ ወዲህ ደግሞ የቤቱ ራስ እሳቸው ሆነዋል። አንቱ ነው የምላቸው። ድብ ባሕር ያርሳሉ። ስልካቸውን በፌስታል ጠቅልለው በካፖርታቸው ውስጠኛ ኪስ ይይዙታል፤ ባትሪው እንዳያልቅባቸው አጥፍተውት ይውሉና የሚከፍቱት ገበያ ሲወጡ ነው። ይህን ሁሉ አሳምሬ አውቅ ነበር። አያ ገበያ ካልወጡ ቤተሰቡ በሙሉ እጁን አጣጥፎ እንደሚቀመጥ ግን ደንቡን ስጽፍ ትዝ አላለኝም።

የመጀመሪያው ሰለባ ደንቡ ራሱ ነበር። ሰቅዬው ስንት ቀን አንድም ሰው ምልክት ሳይነካበት ቆየ፤ አያ ገና አላዩትማ። እኔ ይህን የደንቡ ድል አድርጌ ቆጠርኩት። ቀጥሎ አንዲት የእህቴ ልጅ ወንድ ልጅ ወለደች። ያ ሳምንት ድብ ባሕር ኔትወርክ ያልነበረበት ሳምንት ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለውም እንዲሁ። ሕፃኑ ክርስትና ሊነሳ ሲቃረብ አያ ስልካቸውን ከፈቱና ልብ ተጫኑ፤ ወዲያው ዘመዱ ሁሉ እንደተለቀቀ ውኃ ልቡን አጎረፈ። አራሷ ሕፃኑ አንድ ነገር የሆነ መስሏት ደንግጣ ከአልጋ ተነሳች። ባለቤቴ ከግሩፑ የወጣችው ያን ቀን ነው። «እንኳን ማርያም ማረችሽ ለማለት ተራ የሚጠበቅበት ቤት አልፈልግም» አለችኝ። ደንብ ያልለመደ ሰው ንግግር ነው ብዬ በልቤ አዘንኩላት።

አሁን ወደ ልጄ ልምጣ። የመጀመሪያ ልጄ ናት። አካውንቲንግ ተምራ ባንክ ገብታ ነበር፤ እኔም በመምህራን ስብሰባ ላይ ማንም ሳይጠይቀኝ ልጄ የት እንደምትሠራ የምናገርበት ሰበብ አላጣም ነበር። ከዚያ አንድ ቀን መልቀቂያ አስገባች። የስልክ ጥገና ሙያ ተምራ አራዳ ውስጥ አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራየች። ስትነግረኝ «አስቢበት» አልኳት። ስል የኖርኩት ቃል ነው። ከአፌ ሲወጣ ለራሴ እንደኔ ያለ አስተዋይ አባት ያለ አይመስለኝም፤ ለሰሚው ምን እንደሚመስል ግን ጠይቄ አላውቅም። እሷም አሰበችበትና ሱቁን ከፈተች።

ሱቋ ሥራ ጀምሮ ትንሽ እንደቆየ አንድ ሰኞ ግሩፑ ላይ ፎቶ ለጠፈች። መስታወቱ ተወልውሏል፤ ጠረጴዛው ላይ ሆዱ የተከፈተ ስልክ ተጋድሟል፤ ከኋላ እሷ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ቆማለች። ከሥሩ የጻፈችው አጭር ነው። «እሑድ ከቅዳሴ መልስ መጥታችሁ ሱቄን መርቁልኝ። ዳቦና ጠላ አለ። የምትመጡ ምልክት ብቻ ጫኑልኝ፤ በዚያው ልክ አዘጋጃለሁ።»

የመምህራን ክፍል ሆኜ አየሁት። ጣቴ ሮጦ ልቡ ላይ ሊያርፍ ሲል ከላይ የሰቀልኩት ደንብ አፈጠጠብኝ። በዚያ ላይ ሌላ ነገር አለ፤ እኛ ዘንድ አባት በሰው ፊት የገዛ ልጁን አያሞግስም። ሌላው ሲያሞግስለት አንገቱን ደፍቶ «ተዉ እንጂ፣ ገና ልጅ ናት» ይላል እንጂ ቀድሞ ልብ አይነካም። ስለዚህ አያ ነገ ገበያ ወጥተው ሲጫኑ፣ ዘመዱ ሲከተል፣ እኔ ከሁሉም መጨረሻ በልኩ ብቅ እላለሁ ብዬ ስልኬን ኪሴ ከተትኩት።

ማክሰኞ መሸ፤ ምንም የለም። ረቡዕ የተማሪዎችን ስልክ ሰብስቤ መሳቢያ ከቆለፍኩ በኋላ የራሴን ከጠረጴዛ ሥር እየሰረቅሁ አየሁ። ምንም የለም። ሐሙስም እንደዚያው። ብዙው ሰው መልእክቱን ማየቱ ይታያል፤ የነካ ግን የለም። እውነቱን ለመናገር በዘመዶቼ ሥርዓት ትንሽ ኮራሁ። ይህን ያህል ሰው አንድ ደንብ ይዞ ሲፀና የትም አይቼ አላውቅም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ከልጃችን ሱቅ መጣች። ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ፊት ለፊቴ ቆመች።

«ልጅህ ግብዣውን ልትተወው ነው» አለችኝ። «ዳቦ ጋጋሪዋን አያስፈልግም ብላታለች። ባንክ ቤት ወዳለችው ጓደኛዋም ደውላ ቦታዬ ተይዟል ወይ ብላለች።»

ለምን ብዬ ጠየቅሁ። ከልቤ ነው የጠየቅሁት።

«አባዬ ካፈረብኝ ምን ዋጋ አለው፣ አለች።»

እንዳላፈርኩባት ነገርኳት። ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ንገራት አለችኝ። እኔም የግሩፑን አሠራር፣ የታላቅን ክብር፣ የራስን ልጅ አለማሞገስን፣ የአያን የገበያ ቀን አንድ በአንድ አስረዳኋት። እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ ስልኬን ከጠረጴዛው አንስታ እጄ ላይ አስቀመጠችውና ወደ ጓዳ ገባች። ደውል ማለቷ መሆኑ ገብቶኛል። እኔ ግን የተሻለ መላ መጣልኝ። መደወል ቀላል ነው፤ አያን ድብ ባሕር ድረስ ሄጄ ባስጭናቸው ግን ደንቡም ይከበራል፣ ዘመዱም ይከተላል፣ ልጄም ትደሰታለች። የሁለት ደቂቃ ወሬ ላለማውራት የግማሽ ቀን መንገድ የመረጠ ሰው ከእኔ በፊት ነበረ እንደሆን አላውቅም።

ቅዳሜ ማለዳ መናኸሪያ ሄጄ ወደ ደባርቅ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ድብ ባሕር ስደርስ አያን ያገኘኋቸው አውድማቸው ላይ ነው። ገብሱ ተወቅቶ አልቆ ጭዱን በመንሽ ይከምራሉ። ገና ከሩቅ ሲያዩኝ መንሹን ጣሉ፤ በሥራ ቀን ሳልናገር የመጣሁት መርዶ ይዤ መስሏቸው ነው። ሁሉም ደኅና መሆኑን አስረድቼ፣ ጤናና ከብት፣ ዝናብና ሰብል ተጠያይቀን ስንጨርስ ነገሬን ጀመርኩ።

«አያ፣ የልጅቱን ፎቶ አላዩትም?»

«አይቸዋለሁ። ማክሰኞ ገበያ ላይ ነው ያየሁት። ሸጋ ሱቅ ነው። ለባለቤቴም አሳየኋት።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

አያ ጭዱን ከካፖርታቸው ላይ እያራገፉ ትክ ብለው አዩኝ። «አንተ አባትየው ተቀምጠህ እኔ ቀድሜ ልመርቅ?» አሉኝ። «እኔ እኮ አንተን ስጠብቅ ነው። ዝም ስትል ጊዜ ነገሩ ያልጣመህ መሰለኝ። ልጅህን ባንተ ላይ ላደፋፍርብህ ነው?»

ጭዱ ላይ ተቀመጥኩ። እሳቸው ግን አልጨረሱም። ማክሰኞ ዕለት ስልካቸውን እንደከፈቱ ዘመድ በየተራ ደውሎ፣ እኔና ልጄ ተጣልተን እንደሆነ ጠይቋቸዋል። ምን ብለው መለሱላቸው? «ጣልቃ አትግቡ፣ ራሱ ይበርድላቸዋል አልኳቸው» አሉኝ። እንግዲህ ያ የኮራሁበት የዘመዶቼ ሥርዓት ይህ ነበር። ደንቤን ያስታወሰ ሰው እንኳ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ሁሉም የአባትና የልጅ ጠብ ላለመቆስቆስ ብሎ ትንፋሹን ውጦ ከርሟል።

ከአውድማው በላይ ኔትወርክ የሚገኝባት ጉብታ አለች። ወደዚያ ወጣን። አያ ፌስታሉን ፈትተው ስልካቸውን አበሩ፤ እስኪነሳ ድረስ ዛፍ ጥላ ሥር ቆመን ጠበቅን።

«በሉ እንግዲህ ይጫኑላት» አልኳቸው።

«አንተ ቅደም።»

«ኧረ አንቱ ቆመውማ አይሆንም።»

«የወለድካት አንተ ነህ።»

«የቤቱ ራስ ደግሞ አንቱ ነዎት።»

እንዲህ እየተባባልን ቆየን። በር ላይ ተገናኝተው አንተ ግባ፣ አንተ ግባ ሲባባሉ ወጡ ውስጥ እንደሚቀዘቅዝባቸው ሰዎች ነው የሆንነው። አንዲት ጎረቤት አህያዋን እየነዳች ስታልፍ ሰላም ብላን ቆመች። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ጉብታ ላይ ወጥተው ሲከራከሩ ስታይ የመሬት ድንበር ጉዳይ መስሏት ነው መሰለኝ፣ አያን በዓይኗ ምነው አለቻቸው። ምንም አይደለም ብለው ሸኟት። በመጨረሻ አያ መላ ፈጠሩ፤ እሳቸው በእሳቸው ስልክ፣ እኔ በእኔ ስልክ፣ እኩል እንድንጫን ተስማማን። ማንም ማንንም አይቀድምም። እኔም በዚህ ፍርድ በጣም ረካሁና ግሩፑን ከፈትኩ።

ፎቶው የለም። ወደ ላይ ገፋሁ፤ ወደ ታች መለስኩ። የአክስቴ የጠዋት ሰላምታ አለ፣ የበግ ዋጋ የሚጠይቅ አለ። የልጄ ፎቶ የነበረበት ቦታ ግን ከሁለቱ መልእክቶች መሃል ምንም እንዳልነበረ ሆኖ ገጥሟል። አያም በሻካራ ጣታቸው ስልካቸውን እየደባበሱ «የኔም ላይ የለም» አሉ። አጥፍታዋለች። ከሁሉ በላይ የእኔ ደንብ ብቻ እንደተሰቀለ ቀርቷል።

ቀልድ የለበትም፤ ጉብታው ላይ ቆሜ እንባዬ መጣ። ባንክ ቤት ያለችው ጓደኛዋ ምን ብላት ይሆን አልኩ። ሰኞ ልጄ ሱቋን ዘግታ፣ ያንን መነጽሯን ቦርሳዋ ከታ፣ እኔ እንዳላፍርባት ብላ ወደ ባንኩ መስኮት ስትመለስ ታየኝ።

«ደውልላት እንጅ» አሉ አያ።

«ምን ብዬ?»

«አባቷ አይደለህ?»

ደወልኩ። ገና አንዴ ጠርቶ ሳይጨርስ አነሳችው።

«አባዬ፣ ማን ሞተ?» አለችኝ።

ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። እኔም መልስ ልሰጣት አፌን ስከፍት ነገሩ ገባኝ፤ እኔ ለልጄ የምደውለው ሰው ሲሞት ብቻ ነው። አጎቴ ሲያርፉ ደውያለሁ። ጎረቤታችን ሲሞቱ ደውያለሁ። ሌላውን ሁሉ በአውራ ጣቴ ጨርሼዋለሁ። ልደቷን በልብ፣ ባንክ የገባች ቀን በጭብጨባ፣ ታምማ ተኝታ «አባዬ ዛሬ አልተሻለኝም» ብላ ስትጽፍልኝ በተጣበቁ መዳፎች። ይህን እያሰብኩ ሳለሁ ዝም ማለቴን ረሳሁት። ዝምታዬ መርዶውን አረጋገጠላት።

«አያ ናቸው አይደል?» አለች። «ንገረኝ። ተቀምጫለሁ።»

«ምን ትላለች?» አሉ አያ ከጎኔ።

«አንቱ የሞቱ መስሏት ነው» አልኳቸው።

ስልኩን ከእጄ ወሰዱት። «አለሁ፣ ልጄ» አሉ ጉብታው እስኪያስተጋባ። «አለሁ። ገና ጭዴን ከምሬ አልጨረስኩ፣ ወዴት እሄዳለሁ?» ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመው መረቋት። ሥራሽ ይቅና፣ እጅሽ ይባረክ፣ ደንበኛሽ ይብዛ፣ ሸጋ ሱቅ ነው፣ ነገ መጥቼ በዓይኔ አየዋለሁ አሏት። አሜን ስትል፣ ስታለቅስ፣ መልሳ ስትስቅ እሰማለሁ። ሲጨርሱ ስልኩን ወደ እኔ ዘረጉ። «በል፣ እኔ ቀድሜልሃለሁ» አሉኝና ፊታቸውን ወደ አውድማው አዞሩ።

ስልኩን ያዝኩ። የሚጫኑት ነገር ሲጠፋ ለካ ምላስ እንዲህ ይከብዳል። አላፈርኩብሽም አልኳት መጀመሪያ፤ እሱ ደግሞ ብቻውን ሲሰማ ስድብ ሆነብኝ። ስለዚህ ለእናቷም ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳት። ሱቋን ከከፈተች ጀምሮ ከሥራ ስወጣ በታክሲ አራዳ ድረስ እየሄድኩ፣ ከሱቋ ትይዩ ካለው ፋርማሲ በር ላይ መድኃኒት የሚገዛ ሰው መስዬ እቆማለሁ። ደንበኛ ሲገባላት አያለሁ። አጎንብሳ ስትሠራ አያለሁ። አንድ ጊዜ አንድ ሰውዬ የተሠራለትን ስልክ ይዞ ሲወጣ ተከትዬው «ያቺ ልጅ የኔ ናት» ልለው ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። ኮርቼብሻለሁ አልኳት። ነገ ከአያ ጋር እንመጣለን፣ ለዳቦ ጋጋሪዋ ደውይላት አልኳት። ድምፄ እንደ ጎረምሳ ድምፅ ተሰበረ፤ አያ እንዳልሰሙ ሆነው ጭድ ከካፖርታቸው ይለቅማሉ።

«ከፋርማሲው በር ላይ?» አለችኝ ልጄ።

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን አልገባህም?»

እውነቱን ነገርኳት። «እስክትጠሪኝ እየጠበቅሁ ነበር» አልኳት።

«ሰኞ ጠርቼህ ነበር እኮ፣ አባዬ» አለችኝ።